«በረሃ በላው» ስንል ማን በላው ማለታችን ነው?

በእኛ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሰሙት ያደጋችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ከመተማ ዮሐንስ ኬላውን ተሻግሮ ወደ ገላባት፣ ከዚያ ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም፣ ከካርቱምም ወደ ሊቢያ ያቀና ልጅ ድምፁ ሲጠፋ፣ ወሬው ሲጠየቅ መልሱ «በረሃ በላው» ነው። ሜድትራንያን ድረስ ከዘለቀ ደግሞ «ባሕር ዋጠው» ይባላል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጣል፤ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እኔ ግን ዛሬ ከእናንተ ጋር ልከፍተው እፈልጋለሁ። የአማርኛ መምህራችሁ ይህን አነጋገር ሰውኛ ዘይቤ ይሉታል፤ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይና የሰውን ሥራ መስጠት። ለፈተና ይህ ትርጉም ይበቃል። ለሕይወት ግን አይበቃም፤ ሰውኛ ከሌሎቹ ዘይቤዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለና። ግዑዙን ነገር ፈቃድ ያለው አድርጎ ያቆመዋል። ፈቃድ ያለው ሁሉ ደግሞ ስለ ሥራው ይጠየቃል። በረሃን ማን ሊጠይቀው ይችላል?

ዘይቤዎቹን በደጃችን ባለው ነገር እንያቸው። «የመተማ ሜዳ በሚያዝያ እንደ ምጣድ ነው» ብትሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ «እንደ» የምትለው ቃል ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አቁማቸዋለች፤ ሜዳውም ሜዳ፣ ምጣዱም ምጣድ እንደ ሆነ ቀርቷል። «የመተማ ሜዳ ምጣድ ነው» ስትሉ «እንደ» ወደቀችና ተለዋጭ ሆነ፤ አንዱ የሌላውን ስም ወሰደ። «ላቤ ጓንግን ሞላው» ግነት ነው፤ ሰሚው መጠኑን ቀንሶ እንደሚረዳው ተናጋሪው ያውቃል። «አንተ ጓንግ፣ ወንድሜን ወዴት ወሰድኸው?» ብሎ ወንዙን ጆሮ እንዳለው አድርጎ ማነጋገር እንቶኔ ይባላል፤ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ የጊልቦዓን ተራሮች እንዳነጋገራቸው ማለት ነው። «ጓንግ በክረምት ይቆጣል፣ በበጋ ይታረቃል» ስትሉ ግን ሰውኛ ተናገራችሁ። መቆጣትና መታረቅ የሰው ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። ምጣድ የተባለው ሜዳ ምንም አላደረገም፤ ሆነ እንጂ። የተቆጣው ጓንግ ግን አደረገ። ተነጻጻሪና ተለዋጭ «ምን ይመስላል? ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳሉ። ሰውኛ «ማን አደረገው?» ለሚለው ይመልሳል። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ሁሉ የመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ጠንቃቃ የሆነ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ሊያወጣ ይችላል፤ «መብላትማ የጅብም ሥራ ነው፤ ‹በረሃ በላው› ሰውኛ ሳይሆን እንስሳኛ አይሆንም ወይ?» ልክ ነው፣ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። የሚበላ በረሃ አውሬ ነው፤ አውሬ ይራባል እንጂ አይበድልም፤ ጅብን ማንም ፍርድ ቤት አያቆመውም። «በረሃው ጠራው»፣ «አውሮፓ አማለለችው»፣ «ስደት አታለለው» ስንል ግን አውሬው ሰው ሆኗል፤ ይጠራል፣ ያባብላል፣ ይዋሻል። ሁለቱን አነጋገሮች በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በአንድ ሰው አፍ፣ ተራ በተራ ትሰሟቸዋላችሁ። መጀመሪያ ጠርቶ ያታለለው ሰው ይመስላል፤ በኋላ የበላው አውሬ ይሆናል። በሁለቱም ላይ ክስ መመሥረት አይቻልም።

ከሰውኛ ጋር በጣም የሚምታታ ሌላም አነጋገር አለ። ራዲዮ «ካርቱም አስጠነቀቀች፣ አዲስ አበባ መለሰች» ሲል ከተሞቹ አፍ አውጥተው አይደለም፤ የቦታው ስም በባለሥልጣኖቹ ምትክ ገብቶ ነው። «ገላባት ኬላውን ዘጋች» ስንልም እንዲሁ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ሰውኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሰው ተቀምጧል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ገላባትን ማን ዘጋው? ትእዛዝ የፈረመ፣ ሰንሰለቱን የሳበ ሰው ይገኛል። ጓንግን ማን አስቆጣው? ማንም፤ በደጋው የዘነበው ዝናብ ነው እንጂ።

አሁን ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ለቅሶ ቤቱ እንግባ። በረሃ በላው። ማን? መንደሩ ድረስ መጥቶ «አንተ ተነሣ እንጂ ብሩ ስትደርስ ይከፈላል» ያለው ደላላ አለ። በአንድ ፒክአፕ ላይ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ ሰው የደረደረው ሾፌር አለ። መንገድ ላይ ለሌላ ቡድን አሳልፎ የሸጠው አለ። አስሮ፣ እየደበደበ፣ ስልኩን ለእናቱ ያስደወለና ብር ያስላከ አለ። ሰሃራ በውሃ ጥም ይገድላል፣ ይህ እውነት ነው፤ ልጁን ያለ ውሃ እዚያ ያወረደው ግን እጅና እግር ያለው ሰው ነው። እንግዲህ «በረሃ በላው» ሰውኛ መስሎን የኖረው ምትክ አጠራር ሆኖ ተገኘ። ከበረሃው ስም በስተጀርባ የተደበቁ፣ አንዳንዶቹም በስማቸው የሚታወቁ ሰዎች አሉ። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 የሚቀጣው ሰዎችን ነው፤ በረሃ ተከሳሽ አይሆንም።

(በነገራችን ላይ ሕግም የራሱ ሰውኛ አለው። ድርጅት ወይም ማኅበር «የሕግ ሰውነት» ይሰጠዋል፤ የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ይህንኑ አግኝቷል። የሕጉ ሰውኛ ግን ከእኛ ሰውኛ ጋር ተቃራኒ ነው፤ የተፈጠረው «ማን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አካል እንዲኖር ነው።)

ከተማችን ራሷ በዚህ ነገር ላይ የምትናገረው አላት፤ ይኸው እኔም በሰውኛ ተናገርኩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ በጥይት ቆስለው አረፉ፤ መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም የእሳቸው መታሰቢያ ነው። «መተማ ንጉሥ በላች» ብንል የሚያምር አባባል ይወጣዋል። ነገር ግን መተማ ማንንም አልበላችም። ሁለት ሠራዊቶች፣ ሁለት ዓላማዎች፣ ዘምተው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ቦታ የሰውን ሥራ ሲሸከም ታሪክ መማር ይቀርና እርግማን ብቻ ይተርፋል፤ «ያ አገር ክፉ ነው» ይባላል፣ እዚያ የተወለደው ልጅም የአገሩን ስም ሲጠራ ያፍራል።

አማርኛችን ራሱ በዚህ ረገድ ለጋስ ነው። በእንግሊዝኛ ድንጋይና ወንዝ ከሰው የተለየ ተውላጠ ስም አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሁሉም ነገር ወይ እሱ ነው ወይ እሷ። ፀሐይ ወጣች፣ ዝናቡ መጣ፣ መኪናዋ ተበላሸች። ይህ ሰዋስው ነው፣ ሰውኛ አይደለም፤ ፀሐይን «ወጣች» ያለ ሰው ሴት ናት ብሎ አያምንም። ከዚህ አንድ እርምጃ ስንሄድ ግን ድንበሩ መደብዘዝ ይጀምራል። እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሃ ጠማኝ። ዝናብ መታኝ። ብርጭቆው አመለጠኝ። አውቶቡሱ አመለጠኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እዩአቸው፤ ብርጭቆው የሮጠ፣ አውቶቡሱም የሸሸ ይመስላል። አርፍዶ የመጣው ማን ነበር? ቋንቋው ይህን ለመጠየቅ አያስገድድም። አማርኛን እየወቀስሁ አይደለም። እንዲያውም «ውሃ ጠማኝ» ውስጥ ትልቅ እውነት አለ፤ ጥምን እኛ አንፈጥረውም፣ እሱ ነው የሚመጣብን። አደጋው ያለው እኛ ያደረግነውንም እንደ ውሃ ጥም በላያችን እንደ መጣ አድርገን ስንናገር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በሰውኛ የተሞላ ነው። በኢሳይያስ 55 የሜዳ ዛፎች ያጨበጭባሉ፤ በመዝሙር 98 ወንዞች እንዲሁ። በምሳሌ 8 ጥበብ በከተማው በር ቆማ ትጣራለች። በዕንባቆም 2 በግፍ የተሠራ ቤት ድንጋይ ከግድግዳው ውስጥ ይጮኻል፣ ምሰሶው ይመልስለታል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ሞትን ፊት ለፊት ያነጋግረዋል፤ እዚያ ሰውኛና እንቶኔ አንድ ላይ ናቸው። በመሳፍንት 9 ኢዮአታም የተናገረው የዛፎቹ ነገር ግን ሰውኛ ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ሙሉ ተረት ነው፣ ዛፎቹ ገጸ ባሕርያት ሆነው ንጉሥ ይመርጣሉ። የበለዓም አህያስ? እሷ ዘይቤ አይደለችም። ጸሐፊው እግዚአብሔር አፏን ከፈተ ብሎ እንደ ሆነ ነገር ነው የሚተርከው። ብናምንም ባናምንም የጸሐፊውን ሐሳብ ወደ ዘይቤ መለወጥ የእኛ መብት አይደለም።

እዚህ ላይ ጥናት ቡድኖች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ቸል ልለው አልችልም። «መንፈስ ቅዱስ ያዝናል፣ ይናገራል ይባላል። ጥበብም በምሳሌ 8 ትናገራለች። እሷ ሰውኛ ከሆነች፣ እሱስ ለምን ሰውኛ አይሆንም? ለእግዚአብሔር ኃይል የተሰጠ የሰው ባሕርይ ነው ብንልስ?» ጥያቄው የቆየ ነው፤ አርዮስና አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ወልድ ሲከራከሩ ከተጣሉባቸው ክፍሎች አንዱ ይኸው ምሳሌ 8 ነበር። ስለ መንፈስ ቅዱስ የማቀርበው መልስ አነጋገሩ የት ቦታ እንደ ተቀመጠ እዩ የሚል ነው። ጥበብ የምትጣራው በግጥም ውስጥ ነው፤ አጠገቧም ስንፍና ሌላ ሴት ሆና በምዕራፍ 9 ትቀመጣለች፤ ሁለቱ የተሣሉት ወጣቱ እንዲመርጥ ነው። በሐዋርያት ሥራ 13 ግን አንጾኪያ ላይ የሚጾሙ፣ በስም የተዘረዘሩ ሰዎች አሉ፤ መንፈስ ቅዱስም «እኔ» ብሎ ስለ በርናባስና ስለ ሳውል ትእዛዝ ይሰጣል። በምዕራፍ 5 ሐናንያ የዋሸው እሱን ነው፤ ለኃይል አይዋሽም፤ ለኤሌክትሪክ የሚዋሽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በምዕራፍ 15 ደግሞ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ውሳኔ ላይ ከሐዋርያትና ከሽማግሌዎች ጋር አብሮ ይጠቀሳል። ይህ ሁሉ የጉዞ፣ የስብሰባና የደብዳቤ ወሬ ነው፤ እንደ ዛፎቹ ጭብጨባ አይነበብም። «የእግዚአብሔር ክንድ» ስንል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ከመጀመሪያውም አካል ያለው፣ የሚወድና የሚፈርድ ነው፤ ክንድ የሚለው ቃል ሥጋን እንጂ ማንነትን አልጨመረለትም። ሰውኛ ማንነት ለሌለው ነገር ማንነት ማበደር ነው፤ ለባለቤቱ አይበደርም።

ከክፍሎቹ ሁሉ ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ዘፍጥረት 4 ነው። እዚያ ሁለት ሰውኛዎች አሉ፣ በመካከላቸውም ግድያ። መጀመሪያ እግዚአብሔር ቃየንን ሲያስጠነቅቀው ኃጢአትን ደጃፍ ላይ እንዳደባች፣ ምኞት እንዳላት አድርጎ ይገልጽለታል። ኃጢአት ሰው ሆነች፣ ወይም አውሬ፤ ሁለቱንም ትመስላለች። ነገር ግን በዚያው ንግግር ውስጥ እንዲገዛት ለቃየን ይነገረዋል። ሰውኛው የቃየንን ኃላፊነት አልወሰደለትም፤ ይበልጥ አጠበቀበት እንጂ። ከግድያው በኋላ እግዚአብሔር ስለ ወንድሙ ሲጠይቀው ቃየን ያመልጣል። የአቤል ደም ከምድር የሚጮኸው ያን ጊዜ ነው። ደም አፍ የለውም። ነገር ግን መናገር የሚገባው አቤል ዝም እንዲል ተደርጓል፣ ያየ ምስክር የለም፣ ያደረገው ሰው «አላውቅም» ብሏል። ስለዚህ ደሙ የአቤልን ቦታ ተተክቶ መሰከረ፤ ተከሳሹም እዚያው ቆሞ ይሰማል። «ማን?» የሚለው ጥያቄ አልጠፋም፤ መልሱም በስሙ ታወቀ።

አሁን ይህን ከእኛ አነጋገር አጠገብ አቁሙት። በዘፍጥረት 4 ደሙ ሰው የሆነው ገዳዩ እንዲታይ ነው። «በረሃ በላው» በሚለው ግን በረሃው ሰው የሆነው ሰውየው እንዳይታይ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ሁለቱንም ሰውኛ ብሎ ያልፋቸዋል፤ በሥነ ምግባር ግን እንደ ምስክርና እንደ ተባባሪ ይራራቃሉ።

ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በወጣቶች ኅብረት ምስክርነት ስንሰማ «ዓለም ጠራችኝ፣ ጎትታ ወሰደችኝ፣ በኋላም ጣለችኝ» ይባላል። ዓለም ሁልጊዜ ሴት ናት፤ እህቶች ይህን ልብ ይበሉ፣ ወንድሞችም ትንሽ ይፈሩ። «ሥጋዬ አሸነፈኝ»፣ «ስሜቴ ወሰደኝ»፣ «ቲክቶክ ጊዜዬን በላው» እንላለን። በምስክርነቱ ውስጥ ተጎታች ነበርኩ እንጂ ሄድኩ የሚል ግስ አይገኝም። ጳውሎስም በሮሜ 6 ኃጢአትን ደመወዝ የምትከፍል ጌታ አድርጎ ገልጿታል፤ ግን አንባቢዎቹን ራሳቸውን ለእሷ አሳልፈው እንደ ሰጡ ሰዎች ነው የሚያናግራቸው። ባሪያው ራሱ ወደ ገበያው ሄዷል። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለው ተረታችንም እንዲህ ነው፤ ቅሉን በጊዜ አሳብበን ያስያዘውን ሰው እንረሳዋለን።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር ካልጨመርኩ ግፍ እሠራለሁ። ልጇን ያጣች እናት «በረሃ በላብኝ» ስትል ሰውኛ እንዳትናገር የሚከለክላት ማን ነው? ደላላውን ታውቀው ይሆናል። ሦስት ቤት ወዲያ ያለ ጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ልጆች አሏት፤ ስሙን በአደባባይ ብትጠራ ማታ በሯን የሚጠብቅላት የለም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ሰዎች ሲታገቱ፣ ቤዛም ሲጠየቅባቸው በዜና ሰምተናል፤ የመንገዱ ሰዎች ግን «መንገዱ ከፍቷል» ብለው ነው የሚናገሩት። ሁሉም ሰው መንገዱ አስፋልትና ጠጠር መሆኑን ያውቃል። ይህ የፈሪ ውሸት ሳይሆን የደካማ ጋሻ ነው። አገራችን ሰምና ወርቅን ለምን እንደ ፈጠረች የሚያውቅ ይህን ይረዳል፤ ሰሙ በረሃው፣ ወርቁ ደላላው። ለቅሶ የተቀመጡት ጎረቤቶች ወርቁን ያገኙታል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደላላው ራሱ ለቅሶ ደርሶ «አይ በረሃ!» ብሎ ሲናገረው ግን ወርቅ የለውም፤ ጭምብል ብቻ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ አፉ ይለያያል።

እናቲቱን አንወቅሳት፤ ግን አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ይቀራል። በለቅሶው ጥግ ተቀምጠው የሚሰሙ ሕፃናት አሉ፤ እነሱ የሚያገኙት ሰሙን ብቻ ነው። ጠላታቸው በረሃ መሆኑን ተምረው ያድጋሉ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በረሃውን ለመቋቋም ውሃ፣ ቴምርና ጥሩ ጫማ ያዘጋጃሉ፤ ደላላውን ግን እንደ ወንድም አምነው ይከተሉታል። ስለ እሱ ማንም ምንም አልነገራቸውማ። ስለዚህ እናቶች በአደባባይ መናገር የማይችሉትን በቤት ውስጥ፣ በጥናት ቡድን፣ በሁለት በሦስት ሰው መካከል መናገር የእኛ ዕዳ ነው። ደላላው ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ብሩን በማን በኩል እንደሚቀበል፣ ስንት እጅ እንደሚያቀባብል፤ ይህ ሁሉ ከ«በረሃ ክፉ ነው» ይልቅ ልጅን ከመንገድ ይመልሳል።

ወደ እርሻው ልሻገር፤ እዚያ ሰውኛ ከተገላቢጦሹ ጋር አብሮ ይኖራል። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው የተቀመጠበት ቅርፊት ደርቆ ይከፈታል፤ ሳይታጨድ ከዘገየ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቅምት ወር «ሰሊጥ አይጠብቅም» ይባላል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ «ሰሊጥ ከዳን»። ሰሊጡ ሰው ነው፤ ይጠራል፣ ይቸኩላል፣ ይከዳል። አጫጁስ? ከደጋው ወርዶ ነዶውን የሚያስረው፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ የሚያራግፈው ሰው «ጉልበት» ይባላል። «አርባ ጉልበት ጎደለን» ይላል ካቦው። በአንድ ማሳ ላይ ተክሉ ሰው ሆኖ ሰውየው ክንድ ሆነ።

«ካላዛር ድሀ ይወዳል» ሲባልም ትሰማላችሁ። ካላዛር ማንንም አይወድም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ በበጋ በሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር ውስጥ ትደበቃለች፣ በዋናነት ማታ ማታ ትናከሳለች። የቀን ሠራተኛው የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ሥር፣ አጎበር ሳይኖረው ነው። ካልታከመ በሽታው ይገድላል። «ድሀ ይወዳል» የሚለውን አነጋገር ትታችሁ «ማን?» ብትሉ፣ አጎበር መግዛት ከነበረበት ሰው፣ የታመመውን ሠራተኛ ሒሳቡን ሳይጨርስለት ካሰናበተው ሰው ጋር ትገናኛላችሁ። አንዳንዴ ያ ሰው እሑድ በአምልኮ አብሮን የሚዘምር ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 ስለዚህ ጉዳይ ሰውኛ ተጠቅሟል። እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች ደመወዝ ተከልክሏል፤ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ የአጫጆቹም ጩኸት ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ ደርሷል። እንደ አቤል ደም ነው። ከእናንተ መካከል በአጨዳ ወቅት የሠራተኛ መዝገብ የምትይዙ ስላላችሁ፣ መዝገቡን ከመክፈታችሁ በፊት ያን ክፍል እንድታነቡት እጠይቃለሁ። ስታነቡም ባለ እርሻዎቹ የተጠሩበትን አጠራር አስተውሉ። ያዕቆብ ስለ ዘመን ክፋት ወይም ስለ ገበያው አይናገርም፤ ለባለጠጎቹ «እናንተ» ብሎ ነው የሚናገራቸው።